ኑርዬ ለልጁ የሰጠው ቁጥር

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ልጅ ከሒሳብ መምህሩ ከኑርዬ ምርቃት ሳይቀበል መኪና አይሳፈርም። ከውጫሌም ሳይቀር ይመጡበታል፤ ምርቃት ያውቅበታል። ከመረቃቸው መካከል ግን ባሕር የበላቸው አሉ። ከዚያ ወዲህ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ደንዝዟል።

የገዛ ልጁ ኡበይድ «አባ፣ እኔም ልሂድ፤ መርቀኝ» ያለው ዕለት ያ አፍ ተለጎመ። የሌላ ሰው ልጅ መርቆ እየሸኘ የራሱን ቢከለክል ሰው ምን ይላል? እሺም እምቢም ሳይል እስክሪብቶ አነሳና ካርቶን ላይ ጻፈለት፦ 2147483647።

«ይኼን ያለ ቀሪ የሚያካፍል፣ ካንድና ከራሱ ሌላ ቁጥር አምጣልኝ። ያን ዕለት እመርቅሃለሁ። ኢንተርኔት መጠየቅ የለም።»

«ወላሂ አልጠይቅም» አለ ኡበይድ።

እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ኑርዬ ያውቃል። ኧረ በአላህ፣ አባት ለልጁ የሌለ ነገር ፈልግ ይላል? ብሏል እንጂ!

ልጁ ሥራውን ያዘ። የቁጥሩ መጨረሻ ሰባት ነውና ሁለትና አምስት ወደቁ። አሃዞቹን ደመረ፤ አርባ ስድስት ሆኑ፣ ሦስትም ወደቀ። ከሰባት ጀምሮ በስልኩ ማስሊያ እያካፈለ ወደ ላይ ወጣ። ክረምቱ በዚህ አለቀ። እናቱ መስኡዳ ለፈተና የሚያጠና መስሏት «አብሽር የኔ ልጅ» እያለች የተጠበሰ በቆሎ ታቀርብለታለች። ኑርዬ ያያል፤ ምንም አይሰማውም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ አልቀለለም፣ አልከበደምም፤ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ከሰዓት ኡበይድ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «አባ፣ አርባ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ላይ አቆምኩ። ከዚያ በላይ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ትልቅ አካፋይ ቢኖረው አብሮት የሚባዛው ጓደኛው ትንሽ ይሆን ነበር፤ ትንሹን ደግሞ አገኘው ነበር። ምንም የለም።»

ይህን ማንም ሳያሳየው በራሱ ነው የደረሰበት። አባት ሊኮራበት ይገባ ነበር፤ አልኮራም።

«ስለዚህ?» አለ ኑርዬ።

«ስለዚህ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ። አንተማ የሌለ ነገር ፈልግ አትለኝም። ከሰባት እንደገና እጀምራለሁ።» ስልኩ ላይ ጎንበስ አለ።

ዝም ቢለው ልጁ አይሄድም። ሌላ ክረምት ያካፍላል፣ ከዚያም ሌላ። ኑርዬ ዝም ሊል ነበር፤ ወላሂ ዝም ሊል ነበር። ልጁ ግን ሰባትን ነካ፣ ደግሞ አሥራ አንድን፣ ፊቱ ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለም።

«አልተሳሳትክም» አለ አባት። «አካፋይ የለውም። ስሰጥህም አውቅ ነበር።»

ኡበይድ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ አባቱ ፊት ተንበርክኮ ሁለት መዳፉን ዘረጋ።

«እንግዲያው ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ መርቀኝ።»

ኑርዬ መረቀ። ለሌሎቹ ልጆች የሚለውን አንድም ሳያስቀር አለ፦ «መንገድህን አላህ ያቅናው፤ ባሕሩን የብስ ያድርግልህ፤ በሰላም ያግባህ።» አፉ ቃሉን ያውቀዋል፤ ልቡ አልነበረበትም። መስኡዳ ሁሉንም ሰምታ በሩ ላይ ቆማለች፣ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ።

አሚን ያለው ልጁ ብቻ ነበር።