አይዞሽ ባይዋ ሟች

የሚስቴ ወንድም ፈሪ ነው። ሰፈሩ «ኮሽታ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም፤ ድመት ከአጥር ስትዘል ከሰው ሁሉ ቀድሞ ብድግ የሚለው እሱ ነው። ይህ ሰው አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና «የሚያስፈራ ፊልም ልሠራ ነው» አለን።

ሚስቴ ስትስቅ ውሃው ትን አላት።

«ምን ያስቃል? ፍርሃትን እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ!»

ነገሩስ እውነት ነው። እኔ ሰርግ በመቅረጽ ነው የምተዳደረው፤ የሚስት ወንድም ሲለምን እምቢ አይባልምና ካሜራዬን ይዤ ገባሁበት። ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ፀጉር ሠሪ መረጠ። ትወና አታውቅም። ግን አንዴ አይጥ በእግሯ ሥር ሲያልፍ የለቀቀችው ጩኸት እስከ ዛሬ በሰፈሩ ይወራል።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ቤት ትከራያለች፤ የሞቱት የቤቱ ባለቤት ሌሊት ሌሊት ከቁም ሳጥን እየወጡ መድረሻ ያሳጧታል። መቅረጫ ቤቱን የሰጡን የኮሽታ አክስት ናቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ስለሆኑ ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በሕፃናት ክፍል መርፌ ሲወጉ ነው። ያስጠነቀቁን ነገር ቢኖር ጫማ በር ላይ እንድናወልቅ ብቻ ነበር።

በቀረጻው ቀን ረፋዱ ላይ መስኮቶቹን ሁሉ በብርድ ልብስ ጋርደን ቤቱን ሌሊት አደረግነው። ልክ ስንጨርስ ሟቿን የምትሠራው ተዋናይ ደወለች። የሳሙና ማስታወቂያ አግኝታለች። «ሞቶ ከመታየት ታጥቦ መታየት ይሻላል» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ኮሽታ ራሱን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ወዲያው ግን ዓይኑ ሲስተር ላይ አረፈ። መጥረጊያ ይዘው ከእኛ ኋላ ኋላ ይጠርጋሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ።

«እትዬ፣ አንቺ ለምን አትሞቺልኝም?»

«ምነው ልጄ! ምን አደረግኩህ?»

ነገሩን ሲያስረዳቸው ሳቁና እሺ አሉ። ፀጉር ሠሪዋ ፊታቸውን ዱቄት ቀባች፣ ዓይናቸውን ዙሪያውን በኩል አጠቆረች፣ በከንፈራቸው ዳርና ዳር በማር የተለወሰ የቀይ ሥር ጭማቂ አወረደች። ደም መሆኑ ነው። ሲስተር በየመሐሉ ይልሱታል፤ እኛም በየመሐሉ እንቀባለን።

«ጀምር!» አለ ኮሽታ። ቁም ሳጥኑ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ኮሽታ ራሱ አንዴ ዘለለ። ሲስተር በነጭ አንሶላ ተጠቅልለው ወጡ። አልጋው ላይ የተኛችው ፀጉር ሠሪ ቀና ብላ አየቻቸውና ያንን ጩኸቷን ለቀቀችው።

ሲስተር አንሶላውን ሰብስበው ሮጡ። «አይዞሽ! አይዞሽ የኔ ልጅ! ምን ሆንሽ?» ብለው የእጇን የደም ሥር መቁጠር ጀመሩ።

«ቁረጥ! እትዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያስፈራሻት!»

«ለዚህ እኮ ነው ያዘንኩላት።»

እንዳይናገሩ ተነገራቸውና እንደገና ተጀመረ። አሁን ቃል አልተነፈሱም፤ ግን ልጅቷ ስታለቅስ ሲያዩ በመግነዛቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት። በሦስተኛው እጃቸውን እንደ ጭራቅ ዘርግተው ደህና መጡ፤ ኮሽታ ደስ ብሎት ክንዴን ጨበጠኝ። አልጋው ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ አሉና ከብርድ ልብሱ የወጣውን የልጅቷን እግር ሸፈኑት።

«ብርድ ይመታታል» አሉ ወደ ካሜራው ዞረው።

ኮሽታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እኔም አብሬ ላዝን ስል በሩ ተንኳኳ። ከታች ያሉት ባለ ሥጋ ቤት ናቸው፤ ሰውነታቸው በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው። የልጅቷን ጩኸት ደጋግመው ሲሰሙ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ ቢላቸውን እንደያዙ መጥተዋል። ማን እንደሚከፍት ልብ ያለ አልነበረም። ሲስተር የቤታቸው በር ሲንኳኳ ዝም ብለው አያውቁምና ሄደው ከፈቱ።

«ሲስተር፣ ደህና ነ…»

ቃሉ ሳያልቅ ሰውየው እንደ ጆንያ ተዘረሩ።

ሲስተር ቢላውን በእግራቸው ገፋ አደረጉና ተንበረከኩ። ጉንጫቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ ለሕፃናት በሚያወጧት በዚያች ለስላሳ ድምፅ «አይዞህ የኔ ጌታ… ምንም አትሆንም… እኔ አለሁልህ… ትንሽ ነው የሚያምህ፣ አሁን ያልቃል…» አሏቸው።

ባለ ሥጋ ቤቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ከላያቸው የተደፋውን ነጭ ፊትና ደም አዩ። ተመልሰው ራሳቸውን ሳቱ።

በኋላ ውሃ ጠጥተው፣ ፈርተው እንዳልነበር ለሁላችንም አስረድተው ሄዱ። እኔ ግን ካሜራዬን አላጠፋሁም ነበር፤ ሰርግ ላይ ሰው ሲወድቅ ካሜራ አይጠፋም። የቀረጽኩትን ሦስታችን መልሰን አየነው። «ትንሽ ነው የሚያምህ» የሚለው ጋ ሲደርስ የፀጉር ሠሪዋ የክንዷ ፀጉር ቆመ።

ኮሽታ ቀስ ብሎ ዞረ። «እትዬ፣ የፈለግሽውን አድርጊ። አባብያት፣ ሸፍኛት፣ እንባዋን ጥረጊላት። ብቻ አትቸኩይ።»

ሲስተር ደስ አላቸው። ከቁም ሳጥኑ ወጡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ የልጅቷን ግንባር ዳበሱ። «አይዞሽ… ትንሽ ነው የሚያምሽ…» ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ያ የታወቀ ጩኸት ግን እምቢ አለ፣ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንዲያ ያለ ትወና ዳግም አልሠራችም። «ቁረጥ» የሚል ድምፅ ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ዞር ብል ኮሽታ የለም። ግቢው ውስጥ በባዶ እግሩ ፀሐይ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«አለቀ?» አለኝ።

ፊልሙ በወጣቶች አዳራሽ ታየ። እስከ መሐሉ ድረስ ሕዝቡ ሳቀብን፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ልጅቷ ቤቱን ልትከራይ ስትገባ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ እንድትዞር አድርጌያታለሁ፤ ባገኘሁት የአበባ ማስቀመጫ ላይም ተጠግቼ ቆይቻለሁ። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ግን ሳቁ ቆመ። «አይዞሽ» ሲባል አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ኧረ መብራት አብሩ!» ብሎ ጮኸ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሲስተር ዙሪያቸውን ቃኙ። «ምን ሆነው ነው? እያጽናናኋት እኮ ነው!»

በሳምንቱ ተቆጥተው ቤታችን መጡ። ዛሬም ጤና ጣቢያ እየሄዱ ክትባት ያግዛሉ፤ አንዲት እናት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ሲስተር፣ ይውጉት ግን ምንም አይበሉት» ብላቸዋለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያጽናናሁበትን ቃል አበላሸህብኝ!» አሉት ምሳ ሊበላ የመጣውን ኮሽታን።

ኮሽታ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሳቸውም ለስለስ አሉ። ሲለሰልሱ ሲያይ ደግሞ አላስቻለውም። «እትዬ፣ ሰዉ ሁለተኛውን እየጠየቀ ነው። ትሠሪልኛለሽ?»

«በሕይወት ካለሁ» አሉ።

«ምን ትሆኛለሽ! ገና ብዙ ትኖሪያለሽ።»

«ስለ ዕድሜዬ አላወራሁህም» አሉ ሲስተር ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እየተነሱ። «ፊልሙ ውስጥ ማለቴ ነው።»