ያልተጠራው ወራሽ

…ስሙን ብቻ ብናገር ያበቃል፣ አንድ ስም፣ ካርቱም ጠዋት ማታ ስጠራው የኖርሁት፣ እዚህ ጋይንት በቤተ ልሔም ደጀ ሰላም፣ አባቴ ድጓ ሲያስተምር በኖረበት ግቢ፣ ከሽማግሎች ፊት ተቀምጬ፣ አፌ ላይ እየደረሰ ይመለሳል።

የመጣሁት ለኑዛዜ ነው። ልብህ ደክሟል ብሎኛል ሐኪሙ፣ በጠላት ዘመን ተሰድጄ በቀረሁበት አገር ያለኝን እዚያው አሰናድቻለሁ፣ ቤቱ ለሚስቴ ለሀዋ፣ ዳኛ ፊት ተፈርሞ አልቋል፣ የቀረው የጋይንቱ ርስት ነው፣ ርስት ደግሞ በሩቅ ፊርማ አይተላለፍም፣ ባለቤቱ በእግሩ መጥቶ በንስሐ አባቱና በዘመዶቹ ፊት ወራሹን በስመ ክርስትናው ይጠራል። በስመ ክርስትናው።

ልጄ አብዱረዛቅ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፣ እኔም እሺ ብያለሁ፣ በደስታ፣ በዐረብኛው ያባ፣ አባቴ ብሎ ሲጠራኝ ድምፁ ቁርጥ የአባቴ፣ ያ መቅደስ የሚሞላ ድምፅ አንድ ትውልድ ዘሎ ከአንድ የእስላም ልጅ ጉሮሮ ሲወጣ እየሰማሁ ለብቻዬ እስቅ ነበር፣ እዚያ ሳለሁ ነዋ፣ እዚያ መሳቅ ቀላል ነው።

የንስሐ አባቴ መምሬ ፈንታ ይጠይቁኛል፣ ልጄ፣ ከአብራክህ የወጣ አለህ? አጎቴ ቢሻው ቀበል ያደርጋል፣ በል እንጂ ቀለመወርቅ፣ ምነው እንደ ሙሽራ አቀረቀርህ፣ ያን ያህል ዘመን የሱዳን ውኃ ጠጥተህ መኻን ሆንህ እንዴ? ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፣ ምን ያስቀኛል።

እኅቴ ላቀች ግን አትስቅም። ከተሰደድሁ ወዲህ መሬቱን ያሳረሰች፣ ግብሩን የገበረች እሷ ናት፣ ወራሽ ካልጠራሁ ሁሉም የእሷ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ነጠላዋን አጣፍታ ትነሣለች፣ ወንድም ዓለም፣ ልጅ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሱዳን የሚመላለስ ነጋዴ ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ ነግሮኛል፣ ካለህ ጥራው፣ የኔን ዓይን አትፍራ፣ የወንድሜ ደም አይደል?

የእሷን ዓይን አይደለም የፈራሁት። ስሙ ሲሰማ በዚህ ጽድ ሥር የሚወርደውን ዝምታ፣ የመምሬ ፈንታን መስቀል ወደ ደረታቸው መሰብሰብ፣ የመርጌታ ጥጋቡ ልጅ፣ የድጓው መምህር ልጅ፣ እስላም ወለደ፣ የሚለውን ሹክሹክታ። ክርስቲያን ላልሆነ ርስት የለም ይሉኛል፣ ይበሉ፣ ጠርቼው ቢከለክሉት ኀፍረቱ የእነሱ በሆነ፣ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፣ ፍትሐ ነገሥቱን ከባዕድ ሕግ ጋር እያመሳከርሁ ያነበብሁ ሰው ነኝ፣ የገዛ ልጄን ስም ከጥርሴ ማሳለፍ ግን አቃተኝ።

የለኝም።

ማነው ያለው? እኔ ነኝ። ልጅ የለኝም፣ ርስቴ ለእኅቴ ለላቀች ይሁን።

እንግዲህ ይጽና ይላሉ መምሬ ፈንታ፣ ይቆማሉ፣ መስቀሉን ያነሣሉ፣ ይህን ደግሞ እንዴት ዘነጋሁት፣ ኑዛዜ ያለ ግዝት አይዘጋም፣ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይላል አጎቴ ቢሻው፣ ለዚህ እኮ ነው የሚገዘተው፣ ነገ ከየትም ተነሥቶ ልጁ ነኝ ባይ እንዳይመጣ። ልጁ ነኝ ባይ። ይህን ኑዛዜ የሚያፈርስ፣ ልጅ ነኝ ብሎ በዚህ ርስት የሚነሣ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን፣ የአርዮስ ዕጣ ይድረሰው ይላሉ መምሬ፣ ይመጣል እኮ ልጄ አንድ ቀን፣ የተወለድሁበትን አገር አሳይሃለሁ ብዬ የማልሁለት እኔው ነኝ፣ እኔ ባልኖርም ይመጣል፣ በዚያ በአባቴ ድምፅ ሰላም ይላል፣ የገዛ አባቱ ያስገዘተው ግዝት ደጁ ላይ ቆሞ ይቀበለዋል፣ አቁሙ ልበል፣ አሁን፣ መስቀሉ ሳይወርድ፣ አባ ይቆዩኝ፣ ሌላ ምንም አያሻም፣ አባ ይቆዩኝ፣

አሜን ይላል ሰዉ፣ አሜን ይላል አፌ፣ ከሁሉ ጮክ ብሎ፣ ላቀች ብቻ ከንፈሯን ገጥማ ታየኛለች