ሷሊሕ ማኅበር ሲገባ

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ የማሽላው አጨዳ ባለቀበት ወር፣ አስተርጓሚው ዘውዴ ሮቢት ገበያ መጥቶ ሷሊሕን ከጥጥ ጆንያዎቹ መሃል አገኘው። ሷሊሕ ያን ጊዜ አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቱ ከአሊዩ አምባ ወርደው ሮቢት የከተሙ የአርጎባ ነጋዴ ነበሩ። እሱም ጥጥ ከቆላ እየገዛ ወደ ደጋ ያወጣል፤ ሰው ያከብረዋል፣ የተጣላ ሲኖር ለሽምግልና ይጠራል።

«ጋሽ ሷሊሕ፣ ካፒታኖው ይፈልግዎታል» አለ ዘውዴ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉ። ማኅበር ሊያስገባዎት ነው።»

ካፒታኖው ሮቢት ላይ የተሾመው የጣሊያን መኮንን ነው። አንድ እግሩን ቆስሎ ትንሽ ያነክሳል። ጮክ ብሎ አይናገርም፣ ሰው በገዛ እጁ አይመታም። የሚወደው ነገር ቢኖር ጎልፍ የሚሉት ጨዋታ ነው። ጨዋታው ጫፉ ብረት በሆነ ቀጭን ዱላ፣ እንቁላል የምታህል ነጭ ኳስ እየመቱ ሩቅ ካለ ቀዳዳ መክተት ነው። ለዚህ ሲል ከወንዙ ማዶ ያለውን ሜዳ፣ ማሽላው ገና እሸት ሳለ አሳጭዶ፣ ስድስት ቀዳዳ አስቆፈረበት። ከመሬቱ የሚበልጠው የኢብሮ ነበር። ኢብሮ የሷሊሕ አብሮ አደግ ነው፤ ቁርኣን አብረው ተምረዋል፣ እረኝነት አብረው ውለዋል። አሁን በገዛ መሬቱ ላይ ለካፒታኖው ሣር ያጭዳል። እምቢ ያለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ያውቃል።

«ከአዲስ አበባ ትልቅ ሹም ሊጎበኝ ይመጣል» አለ ዘውዴ። «አገሩ ሰላም መሆኑን እንዲያይለት፣ ካፒታኖው ከተከበሩት ሰዎች አራቱ የጎልፍ ማኅበር ገብተው አብረውት እንዲጫወቱ ይፈልጋል። ሦስት አግኝቷል። አራተኛው እርስዎ እንዲሆኑ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ስመታ ሰው ይየኝ?»

ዘውዴ ወደ ጆንያዎቹ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የማኅበሩ ሰው ካፒታኖውን ፊት ለፊት ያነጋግራል፤ ማመልከቻ አያሻውም። እኔ ስለ በድሩ ብዬ ነው የመጣሁት።»

በድሩ የሷሊሕ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበርና ሷሊሕ ነው ያሳደገው፣ የዳረውም እሱ ነው። ከስምንት ወር በፊት ወታደሮች በቅሎውን ሊቀሙት ሲሉ ልጓሙን አልለቅም ብሎ ታገላቸው። አስረው ወደ ጣርማ በር፣ ተራራውን ሰርስረው መንገድ ወደሚያወጡበት ሥራ ወሰዱት። ሷሊሕ ሁለት ጊዜ ደብረ ሲና ድረስ ወጥቶ ኬላው ላይ መልሰውታል። ማመልከቻም አጽፏል፤ ማን እንዳነበበው አልታወቀም። የበድሩ ሚስት ሳፊያ ከወላጆቿ ቤት እየተመላለሰች ወሬ ትጠይቃለች፤ እሱም በየጊዜው «ኢንሻ አላህ» ይላታል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ሷሊሕ በማግስቱ ዱላውን ተቀበለ።

ካፒታኖው ግን ዝም ብሎ ሰው የሚያስገባ አልነበረም። ኳሷን ከመነሻው እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ በአሥር ምት ያላደረሰ፣ አባል አይሆንም አለ። ስለዚህ ሷሊሕ በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ውኃው ሸሽቶ አሸዋው በቀረበት በሮቢ ወንዝ ዳር እየወረደ ይለማመድ ጀመር።

ቀላል መስሎት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲያነሣ የኖረ ሰው አንዲት ትንሽ ኳስ ታቅተዋለች ብሎ አላሰበም። ዱላውን አንሥቶ ሲያወርድ አሸዋውን ይዝቀዋል፤ ኳሷ እዚያው ናት። ረጋ ብሎ ሲመታ ጥቂት ተንከባላ ትቆማለች። ተናድዶ ሲመታ ወደ ጎን ፈትልካ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባና፣ በጉልበቱ እየዳኸ እሾህ ውስጥ ይፈልጋታል። በወጣትነቱ ከበቅሎ ወድቆ የተሰበረ ቀኝ ትከሻው ማበጥ ጀመረ። ውኃ ሊቀዱ የሚወርዱት ሴቶች መጀመሪያ ቆመው ያዩት ነበር። ቢስቁ ይሻለው ነበር። አልሳቁም፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ሌላ መውረጃ ፈለጉ።

በሳምንቱ ኢብሮ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ በዚያ አለፈ። ሷሊሕ ዱላውን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ፤ ግን ረጅም ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ ሷሊሕ።

«ወዐለይኩም ሰላም» አለ ኢብሮ፤ ሳይቆም።

ሷሊሕ የቸገረውን ሁሉ የሚያማክራቸው የቁርኣን መምህር፣ ከቢር አደም ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ ከመስጊዱ አይርቁም፤ ግን በከተማው የሚሆነው ሁሉ ይደርሳቸዋል።

«ኳስ መምታት ሐራም ነው ወይ ብለህ እንደሆን የመጣኸው፣ ሐራም አይደለም» አሉት። «ሌላ ጥያቄ ካለህ ጠይቀኝ።»

ሷሊሕ ከሰው በተቀማ መሬት ላይ መጫወትስ ይፈቀዳል ወይ ሊላቸው ነበር። መልሱን ስለሚያውቀው አልጠየቀም። እጃቸውን ስሞ ወጣ።

በመጀመሪያው ፈተና፣ እሁድ ቀን፣ በአሥር ምት ከሜዳው እኩሌታ አልደረሰም። ሦስቱ አባሎች ከግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብለው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ካፒታኖው አልተቆጣም። ከኋላው መጥቶ ሁለቱን እጆቹን ይዞ፣ እንደ ሕፃን እያወዛወዘ አሳየው። ሲጋራና ሽቱ ሸተተው። «ቀስ፣ ቀስ» ይላል በተሰባበረ አማርኛ። ሷሊሕ ያን ቀን እቤቱ ሲገባ ሚስቱ ናፊሳ ያቀረበችለትን አልበላም።

«ይቅርብኝ» አላት። «አይሆንልኝም። ቢሆንልኝም ምን ፊት ይኖረኛል?»

ናፊሳ ያበጠ ትከሻውን በሞቀ ቅቤ ታሸው ጀመር። «በድሩ ድንጋይ እየተሸከመ ነው» አለች። «አንተ ኳስ ነው የምትመታው።»

 በሚቀጥለው እሁድ ሷሊሕ ደግሞ ለፈተና ወጣ። እንዴት እንደሆነ ራሱም አላወቀም፤ በዘጠነኛው ምት ኳሷ ተንከባልላ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። ካፒታኖው አጨበጨበለት። ወዲያው ወረቀት ተዘረጋ፤ ዘውዴም እያነበበ ተረጎመለት። መጀመሪያው ስለ ማኅበሩ ሕግ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ የዘውዴ ድምፅ ቀዘቀዘ።

«እኛ የማኅበሩ አባሎች የአገሩ ሽማግሌዎች ስንሆን፣ ይህን ሜዳ ባለመሬቶቹ በገዛ ፈቃዳቸው፣ ደስ ብሏቸው እንደሰጡ እንመሰክራለን።»

ሷሊሕ አሻግሮ አየ። ኢብሮ ከሜዳው ጥግ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል።

«እስከሚመጣው እሁድ ላስብበት በልልኝ» አለ።

ያን ሳምንት ጥጥ አልገዛም፣ አልሸጠም። አንድ ጊዜ አልፈርምም ብሎ ይቆርጣል፤ ወዲያው በድሩ በልጅነቱ ትኩሳት ይዞት አንገቱን አቅፎ ያደረበት ሌሊት ይታወሰዋል። እፈርማለሁ ብሎ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኢብሮ ከዚያ መሬት ላይ ከአባቱ ጋር ሆኖ ድንጋይ ሲለቅም፣ እሱም አብሮ ሲለቅም ይታየዋል። ሐሙስ ዕለት አልቻለም፤ ኢብሮ ቤት ሄደ። ኢብሮ ደጃፉ ላይ ማጭዱን ይስላል። ሷሊሕ ሳይቀመጥ ነገሩን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገረው።

ኢብሮ መሳሉን አላቆመም። «መሬቱንማ ወስደውታል» አለ። «አንተ ፈረምህም አልፈረምህም አይመልሱልኝም።»

«እንግዲያ ምን ትለኛለህ?»

«ምን እንድልህ ነው የመጣኸው? ፈርም ብዬህ ቀልሎህ እንድትሄድ?» ቀና ብሎ አየው። «ወንድምህ ነው፤ እኔም ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ያንተን ቃል ሰው ያምናል። ካፒታኖው የሚፈልገው እሱን ነው፤ ኳስ መምታትህን አይደለም። እኔ ደስ ብሎኝ ሰጠሁ ብለህ ከጻፍህ በኋላ፣ እኔና አንተ የምንነጋገረው የለም። በክፋት አይደለም። የምለው ስለማይኖረኝ ነው።»

ሷሊሕ እሁድ ሄዶ ፈረመ።  ከዚያ ስለ በድሩ ተናገረ። ካፒታኖው በትዕግሥት አዳመጠው፤ እንዲህ ቀላል ነገር ነው ወይ በሚል ፊት ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ሁለት መስመር ጻፈና ማኅተም አደረገበት። በድሩ ይለቀቅ ይላል። ነገሩ ሁሉ ሲጋራ አጭሶ የመጨረስ ያህል እንኳ ጊዜ አልወሰደም።

ሰኞ ማለዳ በቅሎውን ጭኖ ወጣ። ለበድሩ አዲስ ጋቢ ይዟል፤ ደጋው ይበርዳል ብላ ናፊሳ ናት የያዘችለት። ሁለት ጊዜ የመለሰው የደብረ ሲና ኬላ ጠባቂ ወረቀቱን ሲያይ እጁን ለሰላምታ አነሣለት። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጣርማ በር ደረሰ። ጭጋጉ ተራራውን ሸፍኖት ሰው አይታይም፤ የድንጋይ መፍለጫው ድምፅ ብቻ ከየአቅጣጫው ይሰማል።

መዝገብ የያዘው ጸሐፊ ሸዋዬ የሚባል የአገር ሰው ነበር። ወረቀቱን አንብቦ መዝገቡን ገለጠ። ጣቱን እያወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ አቆመ።

«ለእርስዎ ምንዎ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ልስማው።»

በድሩ እዚያ በደረሰ በሃያ ሦስተኛው ቀን ሞቷል። በባሩድ የተናደ አለት ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ተጭኖት ነው። ሷሊሕ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብረ ሲና ኬላ ላይ ቆሞ ሲለምን፣ ማመልከቻ ሲያጽፍ፣ ለሳፊያ ኢንሻ አላህ ሲላት፣ በድሩ ከሞተ ቆይቷል።

«መቃብሩስ?»

ጸሐፊው ከበታች ያለውን የመንገድ ጥርጊያ በአገጩ አመለከተ። ድንጋይና አፈር እየተደፋበት የተሞላ ገደል ነው፤ ከላዩ መኪና ይሄድበታል። «ስድስቱም እዚያ ናቸው። የቱ ጋ እንደሆነ ግን ልነግርዎ አልችልም።»

ሷሊሕ መንገዱ ዳር ቆሞ ወደ ቂብላ ዞሮ የሙታን ሶላት ሰገደለት። ጋቢውን ለማን እንደሚሰጠው ግራ ገባው፤ መጨረሻ ላይ አንድ የሚንቀጠቀጥ ድንጋይ ተሸካሚ ትከሻ ላይ ጣል አደረገለትና ወረደ።

ረቡዕ ማምሻውን መርዶው ተነገረ። ናፊሳና ሳፊያ አለቀሱ። ሐሙስ ጠዋት ግቢው ተጠርጎ ሰሌን ተነጠፈ። በሮቢት ሰው ሲሞት ጠላት እንኳ ይመጣል፤ ለቅሶ የማይደርሱት እንደሌለ የቆጠሩትን ሰው ብቻ ነው። ሐሙስ ከቢር አደም በዘንጋቸው እየዳበሱ መጥተው ዱዓ አድርገው ሄዱ። የሳፊያ ወላጆች መጡ። ሌላ ሰው አልመጣም። ዓርብም ሰሌኑ ባዶውን ዋለ። ሷሊሕ ሰው ኮቴ በሰማ ቁጥር ሊነሣ ይልና ኮቴው አጥሩን ተከትሎ ያልፋል።

ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በፊት ኢብሮ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ፋቲሓ ቀራ፣ ፊቱን አበሰ። ሳፊያን «አላህ ሰብር ይስጥሽ» አላት። ሷሊሕ ከሰሌኑ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«አልቀመጥም» አለ ኢብሮ። «ለበድሩ ነው የመጣሁት።»

ሷሊሕ መናገር ፈለገ። ከሞተ ስምንት ወሩ ነው፣ በከንቱ ነው የፈረምሁት ሊል ፈለገ። ኢብሮ ግን ይህን ሁሉ ሰምቶ እንደመጣ ከፊቱ ገባው፤ ምንም የሚለውጠው ነገር እንደሌለም ገባው።

«እኛ ነገ ማለዳ እንወጣለን» አለ ኢብሮ ወደ ናፊሳ ዞሮ። «ከነልጆቼ ወደ በረሃው እወርዳለሁ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

«አውፍ ብለንሃል» አለች ናፊሳ እያለቀሰች። ኢብሮ ወደ ሷሊሕ አላየም። ወጣ።

እሁድ ረፋዱ ላይ ዘውዴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትልቁ ሹም ደርሷል። ካፒታኖው ሐዘንዎን ሰምቶ አዝኗል። ግን አራተኛ ሰው የለውም።»

«ባልመጣስ?»

ዘውዴ ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ። «ስምዎ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ጋሽ ሷሊሕ።»

ሷሊሕ ከሰሌኑ ላይ በቀስታ ተነሣ።  ወንዙን ተሻግሮ ሜዳው ሲደርስ፣ በኢብሮ ቦታ ሌላ የማያውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ ሣር ያጭዳል። ነጭ ልብስ የለበሰው ሹም ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ካፒታኖው ትከሻውን ነካ አድርጎ ዱላውን ሰጠው። ሷሊሕ ዱላውን አነሣ፣ መታ። ኳሷ የት እንደወደቀች አላየም።