የመርጫው ድምፅ

ልጅቷ ስትስል ለቀስተኞቹ ሴቶች ልቅሶ መስሏቸው አብረዋት ተንሰቀሰቁ። እናትየው ግን ማልቀሷን አቋረጠች። ያን ሳል ታውቀዋለች። ሲጀምር ደረቅ ነው፤ ከዚያ ጉሮሮን ይቧጥጣል፤ መጨረሻው ላይ ይቅርታ የምትጠይቅ የምትመስል ትንሽ "እህ" ትከተለዋለች። ባሏን ትናንት የቀበረችው ከዚያች "እህ" ጋር ነው።

"ውሃ ስጧት፤ ሐዘኑ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞባታል" አለች አንዷ።

"አንድ ልጁ እኮ ናት" አለች ሌላዋ በሹክሹክታ። "ቤትም ሥራ ቦታም ከጎኑ አትለይም ነበር።"

እናትየው ብድግ ብላ ኩሽና ገባች። ጎረቤቷ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የብረት መፈተጊያ ይዛ ኦቨኑ ፊት ተንበርክካለች።

"ውስጡ እንዴት ጠቁሯል! እንግዳ ሳያየው ፈተግ ፈተግ ላድርግልሽ ብዬ ነው።"

"ተይው እህቴ። እሱ አይፈተግም።"

የኦቨኑን ግድግዳ የቀባው ባሏ ነበር። በኢናሜል ፋብሪካው ሌሎቹ ሠራተኞች መስታወት የመሰለ ነጭ ድስት ሲያወጡ፣ እሱ የሚያወጣው ጥቁርና ሻካራ ቆርቆሮ ነው። የብርጭቆ ዱቄትና ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን በውሃ በጥብጦ በመርጫ ይረጨዋል፤ እቶን ገብቶ ሲወጣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ይሞላል። ኦቨኑ ሲግል የተፈናጠረው ስብ እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ተሰራጭቶ ተቃጥሎ ይጠፋል። ቆርቆሮው ለስላሳ ከሆነ ግን ስቡ እንዳለ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ የሰማችው ካጠፋች በኋላ ነው። አዲስ ሙሽሮች ሳሉ የመጀመሪያ ሥራውን ቤት አምጥቶ ኦቨናቸው ውስጥ ገጠመው። እሷ ደግሞ ያላለቀ ሥራ መስሏት አፍራ፣ በሳሙናና በብረት መፈተጊያ ስታሸው ዋለች። ማታ ሲገባ "አበራሁልህ" አለችው። እጁን አስገብቶ ዳሰሰው፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"ገደልሽው እኮ! ይሄ ራሱን በራሱ ነው የሚያጥበው።"

"እንግዲያው ራሱን የሚያጥብ ሸሚዝም ሥራልኝና ልረፍ።"

አላረፈችም። ሸሚዙን ስታጥብ ኖረች፤ አፍንጫውን የሚጠርግበትን መሐረብም። መሐረቡ ነጭ ሆኖ ሄዶ ግራጫ ሆኖ ይመለሳል። "ማስክህን ታደርጋለህ?" ስትለው፣ ጫማውን እየፈታ ቶሎ "አደርጋለሁ" ይላታል። ዓይኗን አያይም። ኋላ ሐኪሙ ሳንባው ውስጥ የገባው ዱቄት ከእንግዲህ እንደማይወጣ ሲነግራቸውም፣ ያው ጫማውን ነበር የሚያየው።

ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ የባሏን ዕቃ በከረጢት ይዞ መጣ። አንድ ኩባያ፣ ነጠላ ጫማ፣ ከሥሩ ደግሞ በላስቲክ እንደታሸገ ያለ ማስክ።

"አዲስ ሰጥታችሁት ነበር?" አለች።

"ኧረ እትዬ፣ የድሮው ነው። ጆሮ መቼ ማስክ አድርጎ ያውቃል?"

ጆሮ ይሉት እንደነበር ታውቃለች። ወሬ ስለሚወድ ይመስላት ነበር፤ ስንቴ ቀልዳበታለች።

"መርጫውን በድምፁ ነበር የሚያውቀው" አለ ፎርማኑ። "ጠብታው በከፊል ደርቆ ካላረፈ ቆርቆሮው ሻካራ አይሆንም። ፍሽ ሲል ደህና ነው፤ ጭብ ጭብ ካለ እርጥብ ነው። ማስክ ሳደርግ የራሴ ትንፋሽ ድምፁን ይውጥብኛል ይለን ነበር።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ከጎኑ ስትረጭ የኖረችው ልጅቷም ያ ጆሮ አላት። ለቅሶው ሲያበቃ በሱ ቦታ ብትገባልን..."

እናትየው ማስኩን ይዛ ልብስ ማጠቢያው ጋ ሄደች፤ የልጇን የሥራ ልብስ ከቅርጫቱ አወጣችና ኪሱን ፈተሸች። መሐረቡ እዚያው ነበር፤ ግራጫ ነው። እሱን እንደያዘች ልጅቷን ጠራቻት።

"ማስክ ታደርጊያለሽ?"

"አደርጋለሁ" አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። ዓይኗን አላየችም።

እናትየው መሐረቡን መዳፏ ላይ ዘረጋችው። ሳሎን ውስጥ አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ኖሮ ጩኸቱ እንደገና ተነሳ።

"እማዬ፣ ካደረግሁት አልሰማም። አባዬም እንደዚሁ ነበር የሚሠራው።"

"አባትሽን ቀበርኩት።"

"ታዲያ ሥራው ከሱ ጋር ይቅር?"

"ይቅር። የሱን መሐረብ ስንት ዘመን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ነጭ ሆኖ ሲወጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያንቺን አላጥብም። ማስክ ተደርጎ፣ ሳይሰማ የሚሠራ ከሆነ ሂጂ፤ ካልሆነ ኦቨናቸውን በሳሙና ይጠቡ።"

የማስኩን ላስቲክ በጥርሷ ቀደደችው። ማስኩን የልጇ አፍና አፍንጫ ላይ አደረገችና፣ ትምህርት ቤት ልትልካት ፀጉሯን ታስር በነበረበት አኳኋን ከኋላዋ ቆማ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገችው። ልጅቷ ልታወልቀው እጇን ሰደደች፤ የእናቷን ጣቶች አገኘችና ተወችው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ከውጭ የሚሰማው ትንፋሽዋ ብቻ ነበር።

እናትየው ጆሮዋን አስጠግታ ትንፋሹን አዳመጠች። ማሰሪያውን አልለቀቀችም።