የሀሊሜ ሰላምታ

ግሪሳ ማሽላው ላይ ሲወርድበት ያየ ገበሬ፣ ስለ ወፍ አንጎል የሚጨነቅበት ፋታ የለውም። ጀዊሪያ ግን ተጨነቀችበት፤ ዶክተር የተባለችውም በዚሁ ነው። ያ ሁሉ መንጋ ማንም ሳያዘው እኩል የሚታጠፈው አንጎሉ ውስጥ ምን ቢኖር ነው? የጀሪካን ድብደባውን ሰንብቶ ሲንቀው፣ ወንጭፍ ሲጮህ ግን ሁልጊዜ የሚደነግጠው ለምንድን ነው? የሮቢት ቆላ ልጅ ናትና ወንጭፍ የጨበጠችው እርሳስ ከመጨበጧ በፊት ነው፤ ጥያቄውን ከውጭ አላመጣችውም።

ባለፈው ዓመት ማሽላው እሸት ሲይዝ ካሜራዋን ይዛ ወደ እናቷ ወደ ሀሊሜ ማሳ መጣች። ካሜራውን ወፍ ከሚጠበቅበት ማማ ፊት ለፊት ተከለችና፣ "እማ፣ ይሄን ፊልም እኮ የዓለም ምሁራን ናቸው የሚያዩት። ስለ እንስሳት ባህርይና ስለ አንጎላቸው የሚመክር ትልቅ ጉባኤ ሊዝበን ላይ አለ፤ እዚያ አቀርበዋለሁ" አለቻት።

ምነው ባልነገረቻት! ሀሊሜ ሰው ፊት ቀርባ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። በዚያ ቆላ እንኳን እንግዳ፣ መንገደኛም ሰላምታ ሳያገኝ አያልፍም። በማግስቱ አረንጓዴ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ ማማው ላይ ወጣችና፣ ወደ ካሜራው ዞራ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"አሰላሙ አለይኩም! እንደምን ከረማችሁ? ልጆቻችሁ ደህና? ከብቱ ደህና? ዝናቡስ ጣለላችሁ ወይ? እኔ የጀዊሪያ እናት ነኝ። ልጄን አደራ፤ አገራችሁን አታውቀውም።"

ይህን ብላ ስታበቃ ወንጭፏን አጮኸች፤ መንጋው ግር ብሎ ተነሳ።

ጀዊሪያ ያን ጊዜ ከማሳው ማዶ ስለነበረች የእናቷን ንግግር የሰማችው ኋላ ፊልሙን ስትከፍተው ነው። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ አንጀቷንም በላቻት። የመንጋው አነሳስ እንደዚያ ጠርቶ የታየበት ሌላ ፊልም ስላልነበራት፣ ሰላምታውን ዘልላ ከመካከሉ ልታሳየው ቆረጠች።

ሊዝበን ላይ ግን የአዳራሹ ባለሙያ ፊልሙን ከመጀመሪያው ለቀቀው። ሀሊሜ ግድግዳውን ሞልታ ብቅ አለች። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር፣ "ሴትዮዋ ምን እያሉ ነው?" ብለው በትህትና ጠየቁ። በሰውዬው ላይ አንዳች ክፋት አልነበረም። ክፋቱ የወጣው ከጀዊሪያ አፍ ነው። ምን ነካኝ እንዳትል ምን እንደነካት ታውቀዋለች፤ "ከብቱ ደህና?" የሚለውን ለእነዚያ ሁሉ ዶክተሮች መተርጎም አሳፈራት። እናቷ አሳፈረቻት።

"የቀጠርናት ወፍ ጠባቂ ናት" አለች በእንግሊዝኛ። "ወፎቹን እየተሳደበች ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሷም አብራ ሳቀች። ከውሸቱ ይልቅ ይህ አብሮ መሳቅ ነው ሲያቃጥላት የከረመው። በእረፍት ሰዓት ሰዎች እጇን እየጨበጡ እንኳን ደስ አለሽ ሲሏት፣ አንድ የሰረቀችውን ነገር በብብቷ የያዘች ይመስል ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሮቢት ስትመለስ እናቷ ከበር ተቀበለቻት። "ሰላምታዬን መለሱ?"

"መለሱ እማ" አለች ጀዊሪያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያወለቀች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ በተገላገለች። ጉባኤው ግን ንግግሮቹን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ለቋቸው ኖሮ፣ ኮቦ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ታናሽ እህቷ ፈሪሀ በስልኳ አውርዳ ጠብቃታለች።

"እማ አንቺ ሳትኖሪ አላይም ብላ ነው" አለች ፈሪሀ።

"ይቆይ፣ ደክሞኛል።"

"አንቺ ጋደም በይ፤ እኛ እንየው" አለች ሀሊሜ፣ ልጇን ጎትታ አጠገቧ እያስቀመጠች።

ሀሊሜ ራሷን ስታይ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። የፕሮፌሰሩ ጥያቄ መጣ። የጀዊሪያ መልስ መጣ። ከዚያም ሳቁ። ፈሪሀ ቀና ብላ እህቷን አየቻት፤ ጀዊሪያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

"ምን አለቻቸው?" አለች ሀሊሜ።

ፈሪሀ ስልኩን አጠፋችው። ወደ እናቷ ዞረችና፣ "'እናቴ ናት፤ ሰላም እያለቻችሁ ነው' አለቻቸው" አለች።

"ሳቁሳ?"

"ደስ ብሏቸው ነው እማ።"

ሀሊሜ ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔ እኮ ታፍርብኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ያን ቀሚስ የለበስኩትም ለዚሁ ነው፤ ላላሳፍርሽ ብዬ።" መዳፎቿን ለዱዓ ዘረጋች። "ሰው ፊት እኔን እንዳከበርሽኝ፣ አንቺንም የወለድሻቸው እንዲሁ ያክብሩሽ።"

ፈሪሀ አሚን አላለችም፤ ወደ በሩ ዞራ ውጭ ውጭውን ታይ ነበር። ሀሊሜ መዳፎቿን እንደዘረጋች ጠበቀች።

"አሚን በይ እንጂ ልጄ።"

"አሚን" አለች ጀዊሪያ።