የመመለሻው ዳገት

ቀያሹ ድልድዩ መሀል ላይ ሲደርስ ስድስት ሺህ አራት መቶኛውን እርምጃ ቆጠረና ቆመ። ከታች ድፍርስ ወንዝ ይፈሳል። ሰዓቱን አየ፤ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው። ከባቡር ጣቢያው እዚህ ድረስ ሰባ ደቂቃ ፈጅቶበታል። ባቡሩ የሚነሳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ ለመመለሻው ያንኑ ሰባ ደቂቃ ያዘና የተረፈችውን አምስት ደቂቃ ለወንዙ መረቀለት።

ሰላሳ ዓመት መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ሜትሮ» ይሉታል፤ ሰው ቤት ሲጋበዝ እንኳ ከበሩ እስከ ወንበሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ሳይቆጥር አይቀመጥም። ዛሬ በማያውቀው ከተማ ባቡር እስኪቀይር አምስት ሰዓት ቢተርፈው፣ ሻንጣውን ጣቢያው አስቀምጦ በእግሩ ቁልቁል ወረደ። ከተማ ልይ ብዬ ነው ሲል ለራሱ ነገረው። ውሸቱን ነው። ቁጭ ካለ ነገን ያስባል፤ ነገን ማሰብ ደግሞ አልቻለም።

ነገ ጠዋት ባቡሩ በሚያደርሰው ከተማ ሆስፒታል ግራ ኩላሊቱን አውጥተው ለታናሽ እህቱ ይሰጧታል። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው እንግዳ ሐኪም ከነገ ወዲያ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ተከታዩ ባቡር ደግሞ የሚነሳው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከሁሉ የከበደው ግን ከሆስፒታሉ ሐኪሞች አንዱ ለብቻው አስጠርቶ የነገረው ነው። ሐሳቡን ቢቀይር ለማንም ምክንያት መስጠት አይጠበቅበትም፤ ምርመራው አልተስማማም ብለው ይሸፍኑለታል። ያኔ ተቆጥቶ ነበር የወጣው። ቃሉ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ሽቅብ መውጣት ጀመረ። መንገዱ መኪና የማያስገባ ጠባብ ነው፤ በየሃያ እርምጃው ደረጃ አለው። ከመስኮት መስኮት የተሰጣ ልብስ አናቱ ላይ ያንጠባጥባል። አንዲት ሴት ደጇን በባልዲ ውሃ እያጠበች እግሩን ረጨችውና ይቅርታ ጠየቀችው፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ብሎ ራሱን ነቅንቆ ብቻ መለሰላት። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ላይ መንገዱ መጋመስ ነበረበት። ሲወርድ ለግማሹ ምልክት ያደረገው የጃንጥላ ጠጋኙ ሱቅ ግን ብቅ አላለም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ሱቁ ጋ የደረሰው አራት ሺህ ሦስት መቶ ቆጥሮ ነው። ለዘጠኝ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ ጠጋኙን ጠየቀው። ሰውየው ከእግሩ እስከ ሽበቱ ገርመም አደረገው።

«ለልጅ እግር ሃያ ደቂቃ ነው» አለ። «እርስዎ ግን ቀስ ቢሉ ይሻላል።»

ዳገት ላይ እርምጃ ያጥራል። ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ይህን የረሳ ተለማማጅ ስንቴ አስለቅሷል። የአዋቂ አጥፊ! ግን እውነት ረስቶት ነው? ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አልረሳውም። ባቡር ባመለጠው ሰው ላይ ማን ይፈርዳል? ይህን ሲያስብ በራሱ አፈረ።

ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

«ጋሼ፣ ተሳፈርክ?»

ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር።

«አልተሳፈርኩም» አለ። «መንገድ ጠፍቶኝም አይደለም። ፈርቼ ነው።»

 አባታቸው ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የጫማዋን ክር እያሰረ ትምህርት ቤት ያደረሳት እሱ ነው። ፈራሁ ሲል ሰምታው አታውቅም።

«እኔ እኮ ጠዋት፣ ምነው በቀረ እያልኩ ነበር» አለች። «አንተ አንድ ነገር ብትሆን በምን አንጀቴ እኖራለሁ? ብትቀር አልቀየምህም። ለጠየቀኝ ሁሉ ባቡር አመለጠው እላለሁ።»

ሐኪሙ ሊዋሽለት ነበር፤ ዳገቱም ሊዋሽለት ነበር። አሁን ደግሞ እሷ።

«ስልኩን አትዝጊው» አላት።

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። እርምጃ መቁጠሩን ተወ። ከወዲያ ትንፋሿ ይሰማዋል። ቅርጫት የያዙ ሰዎች ከግድግዳው ተጣብቀው አሳለፉት። ከላይ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ባቡር ረጅም ፊሽካ ነፋ፤ የእሱ ይሁን የሌላ አላወቀም።

«ጋሼ፣ እየሮጥክ ነው እንዴ?» አለች። «ወደ የት ነው?»

ወደ አንቺ ሊላት ፈለገ፤ ለመናገር የሚተርፍ ትንፋሽ ግን አልነበረውም።