ሰማያዊው ለቦዲ፣ ግራጫው ለቸርኬ

አንድ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባሌ «መርማሪ ፖሊስ መሆን ሲገባሽ መኪና አጣቢ ሆነሽ ቀረሽ» እያለ ያፌዝብኛል። ያፊዝ! እጥበት ቤቱ የእኔና የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ነው። ጋሼ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ስፖንጅ አያያዝ ሳይቀር ያስተማረኝ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጠበቃዋ ደንበኛችን ጥቁር መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁማ ጠራችኝ። ኮፈኑ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች እየተጠማዘዙ ሞልተውታል።

«አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ፣ ባሰ» አለች። «ከእንግዲህ ትልቁ ሰውዬ መኪናዬን እንዳይነካብኝ። እጁ ከብዷል።»

ጋሼ ባልዲ ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ባልዲውን አስቀምጦ ወደ ውስጥ ገባ። አንጀቴን በላው። አርባ ዓመት መኪና ያጠበ ሰው! ደግሞ የጋሼ እጅ ከባድ ቢሆን ኖሮ እኔ በልጅነቴ በቀመስኩት ኩርኩም ዛሬ በሕይወት አልገኝም ነበር።

«እጁ አይደለም፣ ፎጣው ነው» አልኳት። «እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጪኝ፣ አረጋግጥልሻለሁ።»

«ማስረጃ ካመጣሽ እሰማለሁ» አለች፤ ጠበቃ አይደለች!

ፎጣውን ያለ ምክንያት አልጠረጠርኩትም። ድሮ ለቸርኬ የምንጠቀመው ያረጀ የገላ ፎጣ ቆራርጠን ነበር፤ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። ከሁለት ወር በፊት ያንን ሁሉ ጣልኩና አዲስ ገዛሁ። ሻጩን እስኪሰለቸው ድረስ እያንዳንዱን ጉንጬ ላይ እያሻሸሁ ወፍራምና ለስላሳ የሆነውን ማይክሮፋይበር መረጥኩ። ሰማያዊው ለቦዲ፣ ግራጫው ለቸርኬ። ከቀለማቸው በቀር መንታ ናቸው። ጭረቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እኔም ሻጩ አታሎኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩበት።

ማታ ፎጣዎቹን ቤት ወስጄ ወጥ ቤቱን ላቦራቶሪ አደረግኩት። ደረቁን ሰማያዊ ፎጣ በሚዛን መዘንኩት፤ ነክሬ ደግሜ መዘንኩት። ወይ ጉድ፣ የራሱን ክብደት አምስት እጥፍ ውኃ ጠጥቷል! ከንፈሬ ላይ አሻሸሁት፣ የጠርዙን ስፌት በጥፍሬ ፈተሽኩ፤ የሚቧጭር ነገር የለውም። ከዚያ ቶሎ የሚጫር ነገር ፈለግኩና መሳቢያ ውስጥ ሲዲ አገኘሁ። ሃምሳ ጊዜ አሸሁበት፣ በስልኬ መብራት አየሁት፤ ንጹሕ።

«የሠርጋችን ሲዲ እኮ ነው!» ባሌ ጮኸ።

«ዝም በል፣ ሁለት ኮፒ አለን።»

ያገለገለውን ግራጫ ፎጣ ደግሞ ወሰድኩ። ታጥቧል፣ ለስላሳ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሦስት ጊዜ ብቻ ባሸው ሲዲው ልክ እንደ ኮፈኑ ተሞነጫጨረ። የፍሬኑ ብናኝ ነው! ፍሬን ሲያዝ ቸርኬ ላይ የሚረግፈው የብረት ዱቄት ፎጣው ውስጥ ተሰግስጎ በእጥበት አይወጣም። ሠርጌን አበላሽቼ በደስታ ዘለልኩ። ወዲያው ደግሞ ግራ ገባኝ። ግራጫው ቦዲ አይነካማ! ማን አስነካው?

ሐሙስ ጠዋት ያንኑ እያብሰለሰልኩ ጋሼን አየሁት። አንድ ነጭ መኪና አጥቦ ሊያደርቅ ወደ ፎጣው መደርደሪያ ሄደ። ሰማያዊውና ግራጫው ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ወዲያው አልመረጠም። አንዱን በአውራ ጣቱ አሸ፣ ሌላውን አሸ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከዚያ ግራጫውን አነሳና ወደ ኮፈኑ ሄደ።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ! ለአንተ ብዬ ከሰው እጣላለሁ፣ አንተ በቸርኬ ፎጣ ኮፈን ትጠርጋለህ?»

እጁ ላይ ያለውን ፎጣ ትክ ብሎ አየው። ወደ ብርሃኑ አዞረው። ያኔ ክው አልኩ።

ከመደርደሪያው ሰማያዊ አምጥቼ ከግራጫው አጠገብ ዘረጋሁለት። «ሰማያዊው የቱ ነው?»

«ሕፃን አደረግሽኝ?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። አልቻለም። «ድሮ ችግር አልነበረብኝም» አለ ቀስ ብሎ። «የቸርኬው ይሻክራል፣ የቦዲው ይለሰልሳል። በእጄ ነበር የማውቀው። አንቺ አዲሶቹን ስታመጪ ሁሉም አንድ ሆኑብኝ።»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! በጉንጬ በከንፈሬ እየሞከርኩ ስመርጥ ወንድሜ እነዚህን በምን ይለያቸዋል ብዬ አንዴ እንኳ አላሰብኩም። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልንገርሽና ቤት ልዋል?»

ወዲያው ጠበቃዋ በበሩ ገባች። «እሺ» አለች፣ «ማስረጃው የታለ?»

የተሞነጫጨረውን ሲዲ ሰጠኋት። ግራጫው ፎጣ መሆኑን፣ የፍሬን ብናኝ መሆኑን ነገርኳት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «የሚመሳሰሉ ፎጣዎች የመረጥኩት እኔ ነኝ። ኮፈኑን ራሴ በራሴ ወጪ አስተካክላለሁ። የእሱ እጅ ምንም አልሆነም።»

ይኼ ውሸት አልነበረም። እዚያ ላይ ማቆም እንችል ነበር።

«እሷ ምን ታድርግ» አለ ጋሼ ከኋላዬ። «ዓይኔ ነው።»

ጠበቃዋ ከሲዲው ቀና ብላ አየችው። ጋሼ እጁን በሱሪው ጠርጎ ኪሱ ከተተ፤ የነጩን መኪና ቁልፍ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ይኼን መኪና አንቺ ነድተሽ አውጪው» አለኝ። «እኔ ከበሩ ወዲያ ያለውን ካየሁ ቆይቻለሁ።»